የካርቶኑ ኪቦርድ

የያዙኝ አዋሽ ኬላ ላይ ነው፤ ጠዋት፣ ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ። ከተሳቢው ሸራ ሥር አንድ ካርቶን አወጡ። ውስጡ የታተመ ወረቀት ነበር። መንግሥትን የሚሰድብ ነው አሉ። እኔ ምን አውቄ! ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ከነጉድጓዱ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ፊደል ግን አንድም አላውቅም ነበር። አርባ አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ። መንጃ ፈቃዱን እንዴት እንዳገኘሁ አትጠይቁኝ።

ካርቶኑን የሰጠኝ ገዋኔ ጋራዥ ያለው ወዳጄ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መኪናዬ ሥር ተኝቶ የኖረ ሰው። እሱም ከአንድ መንገደኛ ተቀብሎ፣ "አዋሽ ላይ የሚቀበልህ ሰው ይኖራል፣ አድርስለት" ነው ያለኝ። እሱም እንደኔ ፊደል አያውቅም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት አንድ ወረቀት አቀረቡልኝ። "መኪናህን ተረክበናል ነው የሚለው፣ አትም" አሉኝ። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አተምኩ። በሳምንቱ ከገዋኔ የመጣ እስረኛ ገባና፣ "ባለ ጋራዡን ያስያዘው ሹፌር አንተ ነህ?" አለኝ። ለካ ወረቀቱ ላይ የወዳጄ ስም ነበረበት።

የታሰርንበት ክፍል ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ግድግዳውን ስትደገፈው የቆየ የጥጥ ፍሬ ዘይት ይሸትሃል። በሩ አጠገብ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ ጥጉ ላይ ሌላ ጀሪካን። የትኛው ለምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ትማራለህ።

ከጎኔ የሚተኙት ሰውዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ፍርድ ቤት በር ላይ ለሰው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፤ ልጆቻቸው ለታሰሩባቸው እናቶች አንድ አቤቱታ ጽፈው ነው የገቡት። ከሰዓት ከሰዓት ይቀመጡና ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ያንቀሳቅሳሉ። እኔ መራራ ሰው ነኝ፤ ያን ሰሞን ደግሞ ብሶብኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ምን እየቆጠሩ ነው? ቅማል?"

"እየጻፍኩ ነው" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበሩ። ዋናው ማሽን ሌላ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ሞልቶ ተቀምጧል። እሳቸው ፊት ያለው እንደ ቴሌቪዥን ያለ ጥቁር መስኮት፣ አረንጓዴ ፊደልና ኪቦርድ ብቻ ነው። ማሽኑ ሙቀት ስለማይወድ ክፍሉ ቀንና ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የሚገባው ሰው ካፖርት ይለብሳል።

"ካፖርት?" አለ ሦስተኛው ጎረቤታችን። አፋር ነው፣ ግመል ነጋዴ። "ወላሂ ጋሼ፣ ያቺን የብርዱን ክፍል ድገሙልን!"

ደገሙለት። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮው ሲግል የብርዱን ክፍል ማስነገር የክፍሉ ልማድ ሆነ። ሠላሳ ሰው ጸጥ ብሎ፣ ስለ ካፖርት ሲነገር ያዳምጣል። ማተሚያውን ደግሞ በአፋቸው ያጮኹታል፤ ዳር ዳሩ የተበሳ ረጅም ወረቀት እየጎተተ፣ ጥርርርር!

"ይሄማ ዲሽቃ ነው" ይላል ግመል ነጋዴው።

የጣቴን ነገር የነገርኩት ለእሳቸው ብቻ ነው። አልመከሩኝም፣ አልወቀሱኝም። የምተኛበትን የብስኩት ካርቶን ገልብጠው በከሰል መሳል ጀመሩ። ትናንሽ አራት ማዕዘኖች፣ ረድፍ በረድፍ።

"እኔ ሌላ ማስተማሪያ አላውቅም" አሉ። "ፊደል ወንበር አለው። ወንበሩን ካወቅክ ፊደሉን ታውቀዋለህ።"

የድሮው ኪቦርዳቸው እንግሊዝኛ ነበር። በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ድምፁ የሚቀርበውን የኛን ፊደል አስቀመጡለት። የላይኛው ረድፍ ከግራ ሲጀምር ቀ፣ ወ፣ እ፣ ረ፣ ተ፣ የ። ከሱ በላይ ቁጥር፣ ከአንድ እስከ ሰባት። ፊደሉን ትነካለህ፣ ቀጥሎ ስንተኛው እንደሆነ ቁጥሩን፤ የሚወጣውን መልክ እሳቸው መሬት ላይ በከሰል ይስሉልኛል። መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል ገዋኔ ነው፦ ገ አንድ፣ ወ አራት፣ ነ አምስት። ሕፃናት ሀ ሁ ብለው የሚጀምሩትን እኔ ከቀ ወ እ ጀመርኩ። ዛሬም ፊደል ስፈልግ ዓይኔ ሳይሆን ጣቴ ነው የሚቀድመው።

ስሳሳት እናደድና ካርቶኑን በቡጢ እመታዋለሁ።

"አትምታው" ይሉኛል። "የመሥሪያ ቤታችንም ልጆች እንዲህ ይመቱት ነበር። ያልተፈቀደ ቦታ ላይ ከጻፍክ ኪቦርዱ ይቆለፋል። የምትፈታው አንዲት ቁልፍ አለች፣ እሷን መንካት ነው። ጡጫ አያውቅም።" ከታች በግራ በኩል ስለዋት ነበር፤ እነካትና እንደገና እጀምራለሁ።

አንድ ቀን በቀኝ በኩል ያለችውን ሰፊዋን ቁልፍ አሳዩኝ። "ኢንተር ትባላለች። የጻፍከው ሁሉ መስኮቱ ላይ ነው ያለው፤ ትልቁ ማሽን ገና አላየውም። ይህችን እስክትነካ ያንተ ነው፣ ታርመዋለህ። ከነካህ በኋላ የእሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?"

"አነባለሁ።"

"ሁሌ?"

"ሁሌ፣ ጋሼ።"

አራት ወር እንዲህ ሄደ። ከሰሉ ሲደበዝዝ ያድሱታል፤ በኋላ በኋላ ፊደሎቹን እኔው ራሴ አድሳቸው ጀመር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከሰመራ መርማሪ መጣና ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕና ትንሽ ማተሚያ ነበሩ። አንድ ወረቀት አተመና ወደኔ ገፋው፤ የቀለሙንም ሣጥን።

"በጋራዡ ባለቤት ላይ የሰጠኸው ቃል ነው። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እዚህ ጋ፣ ጣትህን።"

"ላንብበው" አልኩ።

"ምን?"

"ላንብበው።"

ፋይሌን ገለጠ። "ማንበብ አይችልም ነው የሚለው።"

"ያኔ ነው።"

"የት ተማርክ?"

"እናንተ ቤት።"

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

አነበብኩ። ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት እንደሚወጣ መኪና፣ በአንደኛ ማርሽ። ጣቶቼ ጠረጴዛው ሥር ጉልበቴ ላይ ቁልፎቹን ይፈልጋሉ። መርማሪው ሰዓቱን አየ። አምስተኛው መስመር ላይ አንዲት ቃል ያዘችኝ። እ። የ አራት። ወ። ቀ። ሁሉም ከላይኛው ረድፍ ናቸው። እያወቀ። "ካርቶኑን፣ ውስጡ ያለውን እያወቀ ሰጠኝ" ይላል።

"ይህቺ የኔ አይደለችም" አልኩ።

"የቷ?"

"እያወቀ የምትለው። እሱ ፊደል አያውቅም። ወረቀቱን ቢያገኘው ገልብጦ ነው የሚይዘው።"

"ዝም ብለህ አትም!"

"እሷን አጥፋና አትማለሁ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስረዝምም። በግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ በደንብ አልሰማም። እጄን ይዘው ወደ ቀለሙ ሲጎትቱት ጨበጥኩት፤ አልከፈትኩትም። መጨረሻ ላይ መርማሪው ራሱ ደከመውና "ፈቃደኛ አልሆነም ብለህ ጻፍ" አለው ፖሊሱን። ብዕሩ ከፊቴ ነበር። አነሳሁትና ከወረቀቱ ግርጌ "አላልኩም" ብዬ ጻፍኩ። ጠማማ ነው፤ ግን ይነበባል።

ስመለስ ጋሼ ቆመው ነበር የጠበቁኝ።

"ኢንተሯን ነካህ?"

አውራ ጣቴን አነሳሁላቸው። ቀለም አልነካውም። በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ምንም የለበትም፣ ግን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲያ ያደረገልኝ ሰው የለም።

ግመል ነጋዴው ፊቴን አየ። "አልሐምዱሊላህ። ጋሼ፣ ዛሬ የብርዱን ክፍል ለሹፌሩ ንገሩት። ጉንጩ ነዷል።"

ነገሩኝ። ካፖርቱን፣ የመስኮቱን አረንጓዴ ብርሃን። ማተሚያውን በጣም ቀስ አድርገው አጮኹት፣ ጆሮዬን እንዳያመኝ።

ከወር በኋላ ጋሼን ከነዕቃቸው ጠሯቸው። ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም። ከተፈታሁ በኋላ ሁለት ከተማ ፈለግኳቸው፤ አላገኘኋቸውም። ካርቶኑ ቤቴ አለ። ከሰሉ ጠፍቷል፤ ወንበሮቹን ግን አውቃቸዋለሁ።

ወዳጄ ከኔ ቀድሞ ተፈቷል። በዚያች ቃል ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም፤ እንዲህ ያለውን ማንም አይነግርህም። አሁን ሰመራ ነው የምኖረው፣ የውኃ ቦቴ እነዳለሁ። ገዋኔ ሳልፍ እሱ ጋ እቆማለሁ። ፍሬኔን ያይልኛል፣ ምሳ አብረን እንበላለን። ስለ ሁለተኛው ወረቀት ሰው ነግሮት አመስግኖኛል። ስለ መጀመሪያው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ስንት ዓመት ሙሉ ምስጋናውን እንደ ምሳው ዋጥኩት።

ይህን የጻፍኩት ሰመራ አንዲት የፎቶኮፒ ቤት ውስጥ፣ በኮምፒውተር፣ በራሴ ጣት ነው፤ ስድስት ከሰዓት ፈጀብኝ። ባለቤቲቱ ፊደል የምፈልግ መስሏት ልትረዳኝ መጣች፤ ቀ፣ ወ፣ እ፣ ረ፣ እዚያው ጋሼ ያስቀመጧቸው ቦታ ላይ ነበሩ።

"አባቴ፣ ጨረሱ? ላትምልዎት?" አለችኝ አሁን።

"ቆዪ፣ ላንብበው" አልኳት።

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። አውራ ጣቴን ያተምኩበት ቦታ ስደርስ ላጠፋው እችል ነበር፤ ገና የኔ ነው። አላጠፋሁትም። ነገ ገዋኔ እወርዳለሁ። እሱ ዛሬም ማንበብ አይችልም፤ ቁጭ አድርጌ እኔው አነብለታለሁ።

"አትሚው" አልኳት።