የሥነ ምግባር ኮሚቴው አማካሪ

አያቴ በባቡር ሥራ መጥተው ጅቡቲ ከቀሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት፣ አማርኛውን ከቤት ይዤ አደግሁ። አሁን ቡላኦስ በሚባለው የከተማው ሰፈር በአንዲት ጠባብ ቢሮ ሰነድ እተረጉማለሁ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የፍቺ ውሳኔ፣ ያልተረጎምኩት የለም። አንድ ቀን ግን አንዲት ወጣት ተመራማሪ ለየት ያለ ሥራ ይዛልኝ መጣች።

ጥናቷ በዚህ ከተማ በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያት ሲታመሙ የት እንደሚታከሙ የሚመለከት ነበር። ሴቶቹ ከመጠየቃቸው በፊት ፈቃደኛነታቸውን የሚገልጹበት ቅጽ በአማርኛ ያስፈልጋት ነበር። አራት ገጹን ተረጎምኩት፤ እውነቱን ለመናገር ኮራሁበትም። ጥናቱን የሚመረምረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ግን "ኑሮውን የምታውቅ ሴት ትስማውና መጥታ አስተያየቷን ትስጠን" ብሎ መለሰው።

እንዲህ ያለች ሴት አውቅ ነበር። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ዛሬም በዚያው ሥራ ላይ ያለች፣ ከማንም የማትደበቅ ደንበኛዬ ናት። ከክሊኒክ በፈረንሳይኛ የሚጻፍላትን ሁሉ የማነብላት እኔ ነኝ። ቢሮዬ ጠርቼ ቅጹን አነበብኩላት። "በወሲብ ንግድ የተሰማሩ እንስቶች" የሚለው ላይ ስደርስ በሳቅ ፈረሰች።

"ንግድ ፈቃድ አውጥተናል እንዴ? ደግሞ 'እንስት' ስትዪ ስለ ዶሮ የምታወሪ መሰለኝ።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ሴቶች በይን። ሴቶች አይደለንም?"

የኮሚቴው ደብዳቤ "የማኅበረሰብ አማካሪ" ብሎ ጋበዛት። ማዕረጉን በጣም ወደደችው። በቀጠሮው ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡትን ሰዎች "ትንሽ ጠጋ በሉ፣ አማካሪ ነኝ" ስትላቸው ሰማሁ።

ስብሰባው ላይ ስድስት የኮሚቴ አባላት ነበሩ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው፤ ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው የሚመሩ፣ ከቀትር በፊት መጨረስ የሚወዱ ሰው። እኔ በእሳቸውና በአማካሪያችን መሐል ተቀምጬ የእሳቸውን ፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ፣ የእሷን አማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ እመልሳለሁ።

"ቅጹን እንዴት አገኙት?" አሉ።

"ይሄን የጻፈው ሰው የሆነ ነገር ሊደብቅ ፈልጎ ነው እንዴ እንዲህ ያስረዘመው?" አለች።

እኔ "እመቤት ቅጹ ቢያጥር ይመርጣሉ" ብዬ ተረጎምኩ። ተመራማሪዋ በትሕትና ማስታወሻ ያዘች።

ስለ ፊርማው ተጠየቀች። "ስሜን ጽፌ ከፈረምኩ በኋላ ምስጢር ይጠበቃል ትሉኛላችሁ። ወረቀቱን አከራዬ ቢያገኘው ማን ቤት ሊሰጠኝ ነው? እናንተ ጋ ልደር?" አለች። እኔም "እመቤት የሰነድ አያያዝ ያሳስባቸዋል" አልኩ። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ በሰላም እየሄደ ነው ብዬ በልቤ ራሴን አመሰገንኩ።

ከዚያ ወደ መጠይቁ ተገባ። አንዱ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድ ጋር የተገናኘሽው በስንት ዓመትሽ ነው፣ ከማን ጋር ነበር የሚል ነው። አማካሪያችን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ይሄ ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው? ለማንኛውም ጥሩ ጥያቄ ከሆነ ዶክተር ይጀምሩልን። እኛም ከሳቸው ሰምተን እንቀጥላለን።"

ወደ ሰብሳቢው ዞርኩ። "እመቤት የጥያቄው አስፈላጊነት ቢብራራላቸው ይወዳሉ" አልኩ።

"ኖ፣ ሙስዩ!" አለች አማካሪዋ። ቀጠለችም፣ ከእኔ ይልቅ በሚፈስ ፈረንሳይኛ፦ "እንደዚህ አላልኩም። እርስዎ ይጀምሩ ነው ያልኩት። ስለ አከራዬም የተናገርኩትን አላስተላለፈችም።"

የምገባበት ጠፋኝ። የሕግ ባለሙያዋ የኮሚቴ አባል ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ፤ አንገታቸው ድረስ ቀልተዋል።

"ይህ... የግል ጉዳይ ነው፣ እመቤት።"

"የኔስ?"

"እርስዎም እኮ አልመልስም ማለት ይችላሉ። ቅጹ ላይ ተጽፏል።"

"የት?"

ስድስቱም አባላት የፈረንሳይኛውን ቅጽ ማገላበጥ ጀመሩ። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ እኔ እንኳ ስተረጉመው ትንፋሽ ያጠረኝ ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገኘ። ሰብሳቢው ጮክ ብለው አነበቡት፤ መሐሉ ላይ ጠፋባቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሁለተኛውን ንባብ ሳይጨርሱ ራሳቸው ሳቁ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቃችንን ለቀቅነው።

ስብሰባው ከቀትር በኋላም ቀጠለ። የመጀመሪያው ጊዜ ጥያቄ ተሰረዘ። ፊርማው ቀርቶ ፈቃድ በቃል እንዲሰጥ ተወሰነ። "የማትፈልጊውን አትመልሺ፤ ስትፈልጊ ተነሥተሽ ሂጂ" የሚለው የቅጹ የመጀመሪያ መስመር ሆነ። አራቱ ገጽ አንድ ገጽ ሆኖ ወጣ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አኩርፌ ነበር። "ፈረንሳይኛ እንደምትችዪ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አልጠየቅሽኝማ። ማንበቡን ነው እንጂ የማልችለው፣ መናገሩን ስንት ዓመት ተናገርኩት!"

"ታዲያ እኔን ለምን አስለፈለፍሽኝ?"

"ምን እንደምታደርጊኝ ለማየት ነዋ። ጨዋ እመቤት አደረግሽኝ፤ አማረብኝም። ያቺ እመቤት ግን እኔ አልነበርኩም።"

በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ዞርኩ። ሳሳምር የኖርኩት ለእሷ ብዬ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም ጉልበቴን መታ አድርጋ "ለሚቀጥለው ታስተካክያለሽ" አለችኝ፣ እንደ አለቃ።

ጥናቱ ተካሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰብሳቢው ራሳቸው ደወሉልኝ፤ አማካሪዋ የኮሚቴው ቋሚ አባል ሆና እንድትቀመጥ ይፈልጋሉ። ሲነገራት "የሌላውንም ሰው ጥናት ነው የማየው?" ብላ ሁለት ጊዜ አረጋገጠች።

መጀመሪያ የደረሳት ጥናት ወደብ ላይ ጭነት ስለሚያነሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች እንቅልፍ ነበር። ቢሮዬ መጥታ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ሹፌሮቹ የሚጠየቁት በመሥሪያ ቤታቸው፣ ተቆጣጣሪያቸው ባለበት መሆኑ ላይ ስደርስ ገለጠችው።

"አለቃው እያየው መሪ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል የሚል ሹፌር አለ? ሹፌር እኔ ነኝ የማውቀው" አለች። "መልሺው። ጻፊ፦ አማካሪዋ አልተስማማችም።"

ጻፍኩት።