በእፍኝ ገብስ የሸጥናት ልጅ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ክትባት የምትሰጥ ልጅ የግቢያችንን በር አንኳኳች። ባለቤቴ ዘሐራ የአራት ወር የልጅ ልጃችንን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሕፃኗን አየችና «ወይኔ ስታምር! የልጅ ልጅዎት ናት?» አለች። ዘሐራ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አዞረች፣ ፊቷንም በጉፍታዋ ጫፍ ሸፈነች።

«አይደለችም፤ የጎረቤት ልጅ ናት» አለች።

ልጃችን ከድጃ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። «እማዬ! ምን ማለትሽ ነው ደግሞ?» ብላ ልትቆጣ ጀመረችና ሳቋ አመለጣት። ክትባት ሰጪዋም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከድጃ ልጇን የምታሳድግበት መንገድ ለኔ ሁሌም ትንግርት ነው። ሕፃኗ ዓይኗን ከገለጠች ጀምሮ ታወራታለች። «አሁን ካልሲ እናደርጋለን፤ ይሄ ግራ እግር ነው፤ ያኛውስ የት ሄደ?» ትላታለች። ምንጣፍ ላይ በሆዷ ታስተኛትና እሷም ፊት ለፊቷ ትጋደማለች። ሕፃኗ «እግ» ስትል እናት ሆዬም «እግ» ትላለች። ሁለቱ እንዲህ ሲነጋገሩ ወጡ ያራል። አንድ ቀን ዞር አለችና «አባዬ፣ እኔን እንዲህ ታጫውቱኝ ነበር?» አለችኝ። «ሥራ ይበዛብኝ ነበር» ብዬ ጋዜጣዬን አነሳሁ። ጋዜጣው የወር በፊት ነበር።

እውነቱን ልናገር። ከወሎ ወደ መቀሌ የመጣሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ድንጋይ ልጠርብ ነው። ሰሜን በሚባለው ሰፈር፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔና ዘሐራ። በሐምሌ ጭቃው፣ በጥር ነፋሱና አቧራው አይጣል ነው። ማታ ስገባ ዘሐራ «ኡ ኡ! ይሄ የማን ሽማግሌ ነው?» ትለኝ ነበር፤ ጸጉሬ፣ ቅንድቤ ሁሉ በድንጋይ ብናኝ ነጭ ሆኖ ስታየኝ። ያኔ ቀልደኛ ነበረች።

ሁለት ወንዶች ወልደን ቀበርን። አንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሌላው በሦስት ወሩ ሄዱ። ከሁለተኛው በኋላ የዘሐራ ቀልድ ቆመ። ሦስተኛዋ ሴት ሆና ስትመጣ እንኳ እልል ያለ የለም፤ ግቢው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነው የጠበቀው።

የግቢው እናት አደይ ለተኪዳን ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ «አደይ» ይላቸዋል፣ እናቴ እንደማለት ነው። በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ሲያልፉ ያስነጥሳሉ፣ ሲቆጡ ደግሞ ያስለቅሳሉ። ዘሐራ በወለደች በሰባተኛው ቀን መስኮታችን ስር መጥተው ቆሙ።

«ዘሐራ ጓለይ፣ ይቺን ለእኔ ሽጪልኝ» አሏት። በትግርኛ ልጄ ሲሉ ሴቷን ጓለይ፣ ወንዱን ወደይ ይላሉ።

ነገሩ የታወቀ ነው። ልጅ አልበረክት ያላት ሴት የወለደችውን ለጎረቤት ትሸጣለች። ሞት የዘሐራን ልጅ ፈልጎ ሲመጣ፣ ዘሐራ ልጅ የላትም፤ አድራሻ ጠፋበት ማለት ነው። ልጅቷን በበር ሳይሆን በመስኮት አሳልፈን ሰጠን። አደይም አንድ እፍኝ ገብስ በዘሐራ መዳፍ ላይ አፈሰሱ። «ዓመት እስኪሞላት ልጄ አትበያት። የማን ናት ያለሽን ሁሉ የጎረቤት ናት በዪው። አንተም ወደይ፣ አፍህን ሰብስብ» አሉን። ከዚያ «አሳድጉልኝ» ብለው ሕፃኗን በበር መልሰው አስገቡልንና ወደ ገበያቸው ሄዱ። የአገሬ ሼህ ቢሰሙ ኖሮ «አንት ከንቱ፣ የሚሰጥም የሚነሳም አላህ አይደለም ወይ?» ብለው በከዘራቸው ባሉኝ ነበር። አውቃለሁ። ግን ሁለት ልጅ በእጁ ያልቀበረ ሰው አይፍረድብኝ።

አደይ ያሉት «ልጄ አትበያት» ብቻ ነው። ፊት መንሳቱን ዘሐራ ከራሷ ጨመረችበት። ሰዓቷን ጠብቃ ታጠባታለች፣ ታጥባታለች፣ በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልላታለች፤ ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ነው። አንድ ቃል አትተነፍስም። እሹሩሩ የለ፣ ስም መጥራት የለ። ስትጨርስ አልጋው ላይ በጀርባዋ ታስተኛትና ስስ ጨርቅ ፊቷ ላይ ጣል ታደርጋለች። እኔስ? እኔ ሲነጋ ወጥቼ ሲመሽ እገባለሁ። የሚብሰው ግን እሱ አይደለም፤ እኔም ፈራሁ። የወደድኳት ቀን የምትሄድ መሰለኝ።

አምስት ወር ሆናት። ከሌላ የግቢው ሕፃን ጋር አስተያያታለሁ። የዚያ አንገቱ ጸንቶ እንደ ዳኛ ዙሪያውን ያያል፤ የኛዋ አንገት ዘንበል ይላል። ያኛው የእናቱን ጸጉር ይዞ ይጎትታል፣ ይስቃል፣ ይጮኻል። የኛዋ ማልቀስ እንኳ ተወች። ጣሪያውን ታያለች፤ በቃ።

«ደንቆሮ ሆና ይሆን?» አልኳት ዘሐራን አንድ እሑድ።

ምስር እየለቀመች ነበር።

መዶሻዬን ከከረጢቴ አውጥቼ የበሩ ደፍ ላይ አንዴ አሳረፍኩት። ሕፃኗ ድንግጥ አለችና አንገቷን እንደምንም ወደኔ አዞረች። ትሰማለች! ዓይን ለዓይን ገጠምን። እንግዳ ሰው እንደሚታይ አየችኝ። «ልጄ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘሐራ ምስሩን ትታ ቀና ስትል መልሼ ዘጋሁት። መዶሻዬን ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ። ጉልበት ነበረኝ እኮ፣ ድንጋይ እፈነክት ነበር፤ አንዲት ቃል ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

በማግስቱ ሥራ ቀርቼ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ወጣት ናት፤ ሕፃኗን መዘነቻት፣ አገላብጣ አየቻት፣ ጣቷን አስጨበጠቻት። «ክብደቷ ጥሩ ነው። ማን ነው የሚያጫውታት? ስታጠቢያትስ ታወሪያታለሽ?» አለች።

ዘሐራ ወለሉን እያየች «የጎረቤት ልጅ ናት» አለች።

ነርሷ እኔን አየችኝ። እዚህ ላይ ነው መናገር የነበረብኝ። «አዎ፣ የጎረቤት ናት» አልኩ።

«እንግዲያው ምክሩ ለእናትየዋ ነው። እናቷን ይዛችሁ ኑ» ብላ መለሰችን።

አደይን ለመንኳቸው። «አደይ፣ ይቅርብን፣ መልሱልን» አልኳቸው። «ዋይ አነ! ዓመት ሳይሞላ ውል አፍርሼ ልጅቷን ላስበላት?» አሉኝ። ግን ሐሙስ ዕለት ገበያቸውን ዘግተው፣ በጋሪ አብረውን መጡ። ወቅቱ የበለስ ነበር፤ መንገዱ ዳር ሴቶች በለስ እየላጡ ይሸጣሉ። አደይ ለዘሐራ አንድ አስልጠው ሰጧት። እጇ ላይ እንደያዘችው ደረስን።

ነርሷ አደይን አስቀመጠቻቸው። «እናት፣ ፊቷን ወደ ፊትዎ ያድርጉ። ቅርብ፣ እንዲያ። አሁን ያውሯት። እስክትመልስ ይጠብቋት፤ መልሳ ደግሞ ያውሯት» አለቻቸው። ስድስት ወልደው ላሳደጉ ሴት! አደይ ግን አልተቆጡም። በዚያ በርበሬ ባጎረነነው ድምፃቸው «ከመይ አለኺ ጓለይ? ከመይ ሐዲርኪ?» አሏት፤ እንዴት ነሽ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ሕፃኗ ከንፈራቸውን አየች። ደግመው አሏት። ቅንድባቸውን እያነሱ እየጣሉ በሦስተኛው ሲሏት፣ አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ ድዷ ታየ፣ ሳቀች። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

ዘሐራ በሩ ጋ ቆማ ነበር፣ በለሱ በእጇ ውስጥ ተጨፍልቆ። ቀሚሷን ሳይ ደረቷ ላይ ሁለት ቦታ ረጥቧል፤ ወተቷ ራሱ ፈስሷል። ነርሷም አየች። ቀሚሱን አየች፣ ዘሐራን አየች፣ አደይን አየች።

«እህቴ፣ ነይ፤ አንቺ ያዢያት» አለቻት ቀስ ብላ።

ዘሐራ ራሷን ነቀነቀች። «ዓመት አልሞላትም» አለችና ወጣች።

በጋሪው ስንመለስ ጀርባዋን ለፈረሱ ሰጥታ ተቀመጠች። ቤት ልንደርስ ስንል ብቻ «ለእሳቸው ሳቀች» አለችኝ። «አብሽሪ» እንኳ ማለት ተሳነኝ፤ በአገሬ ሰው ለሞተበትም ለታመመበትም የሚባለውን ቃል!

ከዚያ በኋላ አደይ በየማለዳው ገበያ ሳይሄዱ መጥተው ምንጣፍ ላይ በሆዷ ያስተኟታል፣ ያወሯታል፣ ያስቋታል። ዘሐራ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት ትከትፋለች። ያን ሰሞን ሽንኩርት በዝቶብን ወጡ ሁሉ ይጣፍጥ ነበር፤ ለምን እንደሚከተፍ ግን አውቃለሁ፣ ሽንኩርት ያስለቅሳላ። ልጅቷ አንገቷ ጸና፣ ተቀመጠች፣ ዳኸች። የምትድኸው ወደ አደይ ነበር። ዓመቷ ሞልቶ ገብሱን መልሰን በመስኮት ስንቀበላት፣ እጇን ወደ አደይ ዘርግታ ግቢውን በለቅሶ አደበላለቀችው። ዘሐራ አቅፋት «ልጄ፣ ልጄ» ስትል ልጅቷ ፊቷን ታዞርባት ነበር። አደይም ገብሳቸውን ይዘው ቆመው ያለቅሳሉ። እኔ ምን አደረግሁ? መስኮቱን ዘጋሁ።

ወራት ፈጀ እንጂ ለመደቻት። ከድጃ ይኸው አፏ የማይከደን፣ ጤነኛ ሴት ሆናለች፤ አደይ ሲያርፉም፣ አፈሩ ይቅለላቸው፣ ከስድስቱ ልጆቻቸው እኩል ቆማ አልቅሳለች። ያንን ነገር ግን ነግረናት አናውቅም። ዘሐራ ለኔም አንስታልኝ አታውቅም።

ማክሰኞ ዕለት ክትባት ሰጪዋ ሄዳ፣ ከድጃም ድስቷ ገንፍሎባት ስትገባ፣ ሁለታችን ከሕፃኗ ጋር ደጃፉ ላይ ቀረን። ፊቷ አሁንም እንደተሸፈነ ነው። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ የጉፍታውን ጫፍ ገለጥኩት።

«ዘሐራ፣ እያት» አልኳት።

መጀመሪያ የግቢውን በር አየች። ከዚያ ሕፃኗን። «እንዴት አደርሽ?» አለቻት፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። ሕፃኗ ከንፈሯን ትክ ብላ አየችና ድዷን አሳየቻት።

«ሰይዶ፣ ለእኔ ነው የሳቀችው?» አለችኝ።

«ላንቺ ነው» አልኳት። «ሌላ ማን አለ?»

ዘሐራ አንዴ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። የሚመጣ እንዳለ ሁሉ ደግማ በሩን አየችና፣ የጉፍታዋን ጫፍ መልሳ ሕፃኗን ሸፈነቻት።