የማስተራችን አስተማሪ

የስፖርት ቢሮው ቅጽ አንድ ገጽ ታሪክ ይጠይቃል። ክለቡ እንዴት ተመሠረተ፣ ማን አስተማረ፣ አስተማሪውን ማን አስተማረው። ዘንድሮ ይህን ሞልቶ ያላስገባ፣ የቻይናውን የትግል ስፖርት ውሹን የሚያስተምር ክለብ ፈቃድ አያገኝም፣ ፈቃድ የሌለው ደግሞ ከወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ይወጣል ተባለ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። አንድ ገጽ ጻፍ ከምባል አንድ ኩንታል ቡና ተሸከም ብባል ይሻለኛል፤ እሱም ጉልበቴ ሳያልቅ በፊት ነው። ከአዳራሹ ከወጣሁ ሌላ የምሄድበት የለኝም። ጠዋት መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሰፋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አስተምራለሁ፣ በቃ።

ቻይናዎቹ አስተማሪን እንደ ዘር ይቆጥራሉ ይባላል፤ የኔ አስተማሪ፣ የሱ አስተማሪ እያሉ እስከ ሰባት ቤት። ቢሮው ይህን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ እናንተም ቁጠሩ አለን። የእኛ ግን ሁለተኛው ላይ ካሴት ነው።

ማስተራችን ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሱቁ አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበረ። አንድ ቀን ወሬም ጠብም የሌለበት ካሴት መጣ። ነጭ ልብስ የለበሰ ቻይናዊ ግቢ ውስጥ ቆሞ አንድ ፎርም ይሠራል፣ አለቀ። ፎርም የምንለው ያለ ተጋጣሚ፣ በቅደም ተከተል የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። ተመልካቹ ተሳድቦ ወጣ። ማስተር ግን ካሴቱን እያስመለሰ ዓመት ሙሉ አየው። የሰው ኮት በዓይኑ አይቶ ልኩን የሚያወጣ ሰው ነበር፤ እንቅስቃሴውንም እንደዚያው ቀድዶ ወሰደው።

ከዚያ እኛን ሰበሰበ። ከጀርባው ቆመን እሱን እንከተላለን። የምንሠራው የቡና ማስጫ ሲሚንቶ ላይ ስለነበር ቡና ሲደርስ ባለቤቱ ያባርረናል፤ ግማሻችንም ለቀማ እንሄዳለን። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን ከኅዳር እስከ ጥር ዝግ ነው። ቻይና ውስጥ እንዲህ ያለ መኖሩን አላውቅም። ልብሳችንን ማስተር ራሱ ከአቡጀዴ ሰፋልን። የበረታው ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ሄዶ የራሱን ክለብ ከፈተ፤ የተስፋፋነው በዚህ ዓይነት ነው።

አዲስ አበባ ለውድድር የሄድን ጊዜ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲጀምሩ እኛ አራታችንም ወደ ግራ ጀመርን። ዳኛው፣ «እናንተ ልጆች፣ በመስታወት ነው እንዴ የተማራችሁት?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ያኔ ነው የገባን። ማስተር ቻይናዊውን ፊት ለፊት እያየ ነው የቀዳው፤ ሰውየው ቀኝ እግሩን ሲያነሳ እሱ በዚያው በኩል ያለውን ግራውን እያነሳ። የጅማ ውሹ በሙሉ ግራ ነበር። ስንመለስ አውቶቡሱ ጊቤን ሲሻገር ማስተር፣ «ምናልባት ቻይናው ይሆናል የተሳሳተው» አለ። ማንም አልሳቀም።

ማስተር ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው።

ቅጹ እንደወጣ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን አጋሮ ክለብ ያለው ሰው መጣ። የተተየበ ወረቀት ይዟል። መንገድ ሊሠራ የመጣ ቻይናዊ መሐንዲስ ማስተራችንን ሦስት ዓመት አስተማረው ይላል።

«የቱ መሐንዲስ?» አልኩት።

«አቦ አንተ ደግሞ! ቻይና መንገድ አልሠራም?»

«ሠርቷል።»

«ከነሱ አንዱ ነዋ!»

«ስም ሁሉ አውጥተህለታል እኮ።»

«ስም የሌለው ሰው ማንን ያስተምራል? ስማ፣ ይህንኑ ገልብጠህ አስገባ። ዋላሂ፣ ለማስተርም ክብሩ ነው። ቪዲዮ ቤት ብለህ ልትጽፍ ነው? ይጥሉሃል። ማል ጎና፣ ምን እናድርግ ታዲያ?»

ወረቀቱን ትቶልኝ ሄደ። ሦስት ቀን አየሁት። መገልበጥ እችላለሁ፤ ጎልማሶች ትምህርት ቤት መጀመሪያ ያስተማሩን መገልበጥ ነው። ግን ፊደል የቆጠርኩት ለመዋሸት ከሆነ አፌ ይበቃኝ ነበር። የሆነውን ጻፍኩ። ልብስ ሰፊውን፣ ካሴቱን፣ ግራውን።

ቢሮ ያለችው ሴት ቀስ ብላ አነበበችው።

«ጋሼ፣ የአስተማሪዎ አስተማሪ የሚለውን አልሞሉትም።»

«ስሙን አላውቀውም።»

«ምንም የሚያውቁት ነገር የለም?»

«ነጭ ልብስ ለብሷል።»

ሳቋን ዋጠች። ክፉ ሴት አይደለችም። «እኔ ባምንዎትም ኮምፒውተሩ ባዶ አይቀበልም። አንድ ስም ብቻ ይንገሩኝ፣ እኔ እሞላዋለሁ።»

«ስም አልፈጥርም» አልኩ። ቅጹን መለሰችልኝ።

የአጋሮው በሳምንቱ ፈቃድ አገኘ። የጅማው አዳራሻችንም ለእሱ ተሰጠ፤ እኔ ረዳት ሆንኩ። ረዳትነቱንም እሱ ለምኖልኝ ነው፣ ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሌላውን ቀን እኔ ነኝ። ፈቃዱና የመሐንዲሱ ታሪክ ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል።

በቀደም ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር አንድ አባት ሴት ልጁን ሊያስመዘግብ መጣ። ግድግዳው ላይ ያለውን እስከ መጨረሻው አነበበ።

«ቻይናዊውን እርስዎ ያውቁት ነበር?» አለኝ።

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ከማን ተማሩ?»

«ከልብስ ሰፊ።»

የምቀልድ መሰለው፤ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። እንዳልቀለድኩ ሲያይ ፈገግታውን ሰበሰበ።

«ሌላኛው አስተማሪ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ቅዳሜ» አልኩትና መዝገቡን ገልጬ የልጅቱን ስም ከቅዳሜ ተማሪዎች ጋር ጻፍኩ።