የአብሹ ውሃ

በዚያ የኮሮና ሰኔ እኔ አል አይን፣ ታላቅ እህቴ አቡ ዳቢ ነበርን። ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ግን ተዘግቶ ነበር። እሷ አል ካራማ የሚባል ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ምግብ አብሳይ ናት። ታመመችና ክፍሏ ውስጥ ለብቻዋ አስቀመጧት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ጣዕም ግን ከአፏ ጠፍቶ ቀረ። ጭቃም ማርም ለእኔ አንድ ነው እያለች መብላት ተወች።

አሠሪዋ ማዳም ደግ ናት፤ የዶሮ ሾርባ በሯ ላይ ታስቀምጥላታለች። እህቴ ደግሞ የሐዋርያት ጾም ነው ብላ ትመልሰዋለች። ለታመመ ሰው ጾም የለበትም ብላት፣ እናንተ ጴንጤዎች ስለ ጾም ምን ታውቃላችሁ ብላ ተቆጣችኝ። በቪዲዮ ሳያት አንገቷ ቀጥኗል። እንዳላጣት ፈራሁ።

የምሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። በዚያ ሰሞን የምንፈትነው የአብሽን ፖሊሳካራይድ ነበር፤ አብሽ ውሃ ሲነካው የሚያሟልጨውን ነገር ማለት ነው። ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ ስንጨምረው ቀለሙ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ አንቲኦክሲዳንትነቱን፣ ማለትም ሴልን ከጉዳት የመጠበቅ አቅሙን፣ የምናየው በዚህ ነው። ብልቃጥ ውስጥ የሆነው ሰው ላይ ይሁን አይሁን አላውቅም። አብሽ ግን የጾም ነው፤ ለእኔ ይህ በቃኝ።

የቤቱ ሾፌር ከሚና ዛይድ ገበያ የአብሽ ዱቄት ገዝቶ በሯ ላይ አኖረላት። በእኛ ወግ አብሽ ሲዘፈዘፍ መራራው ውሃ እየተደፋ ሌላ ይጨመርበታል፤ የሚመታው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን ውሃውን እንዳትደፊ፣ የሚሟሟው ነገር አብሮ ይሄዳል አልኳት። ይሄ ሁሉ ትምህርት እጣቢ ለማጠጣት ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት እኔ በስልክ እያየኋት አንድ ኩባያ ትጠጣ ጀመር። አምናበት አይደለም፤ እኔን ደስ እንዲለኝ ብላ ነው።

አንድ ጠዋት እንደልማዷ ጎንጨት አለችና ፊቷ ተጨማደደ። ኩባያውን አስቀምጣ አፏን በእጇ ያዘች። አመማት ብዬ ክው አልኩ።

«እንዴ፣ ይሄ ነገር እንዲህ ይመራል እንዴ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ እስቲ ድገሚው።»

«እግዜር ይይልሽ፤ እሬት ነው ለካ ስታጠጪኝ የከረምሽው» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ደግማ ተጎነጨች።