የወህኒ ቤቱ ሚዛን

ሚዛን ጠጋኙን የሚያውቀው ሁሉ ጋሽ ግራም ይለዋል። ሥጋ ቆራጮች ከሩቅ ሲያዩት ምራቃቸውን ይውጣሉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ግራም አሳልፎላቸው አያውቅማ። ያን ዕለት ጠዋት የተጠራው ግን ወህኒ ቤት ነበር፤ የክሊኒኩን የሰው ሚዛን እንዲፈትሽ።

ሚዛን መፈተሽ እንዴት ያለ ደስ የሚል ሥራ መሰላችሁ! መጀመሪያ ባዶው ዜሮ ላይ መቆሙን ታያላችሁ። ከዚያ የብረት መመዘኛ ድንጋዮቹን መሃል ላይ፣ ቀጥሎ በአራቱም ማዕዘን ታስቀምጣላችሁ፤ ሰው ሁልጊዜ መሃል ላይ አይቆምምና። አሥር፣ ሃያ፣ ሰማንያ ኪሎ እያላችሁ ትወጡና በዚያው መንገድ ትወርዳላችሁ። ውስጡ ያለው ሞላ ከደከመ ሲወጣ እውነቱን ተናግሮ ሲወርድ ይዋሻል፤ ጉዱ የሚታየው ያኔ ነው። ጋሽ ግራም ይህን ሁሉ ሁለት ጊዜ ደገመ። የወህኒ ቤቱ ኃላፊ፣ ሻምበሉ፣ የሻይ ብርጭቆ ይዞ በሩን ተደግፎ ያየዋል።

«እንዴት ነው ጋሼ፣ ጤነኛ ነው?»

«ከእኔና ካንተ ይሻላል። በሽተኞቹን ነው የምትመዝኑበት?»

«አይ፣ አንድ ሰው ብቻ። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይሰቀላል። ገመዱ የሚለካው በክብደቱ ነው፤ ያለ እርስዎ ማህተም ደግሞ ደንቡ አይፈቅድም።»

የጋሽ ግራም ጆሮ ጋለ። ሊመታ ያወጣውን ማህተም መልሶ ኪሱ ከተተ።

«አልመታም።»

«ምን ጎደለው?»

«እሱ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው እናንተ ጋ ነው!»

ሻምበሉ ሳቅ አለ። «ሰውየው እኮ የሦስት ልጆች አባት ነው የገደለው። የልጆቹን ለቅሶ ቢሰሙ...»

«ለእኔ ነው ስለ ለቅሶ የምትነግረኝ?» ጋሽ ግራም ጮኸ። «አባቴን ሱቁ ውስጥ በመዶሻ ነው የገደሉት! በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ፍርድ ቤት ቆሜ ጎረቤታችንን በጣቴ አሳየሁ። በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ማልኩ። ይሰቀል ብዬ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ዳኛው ዕድሜ ልክ ሲፈርዱበት ዳኛውንም ጠላኋቸው። በዘጠነኛው ዓመት እውነተኛው ገዳይ ተያዘ፤ የአባቴ ሰዓት ቤቱ ተገኘ። ጎረቤታችን ጥርሱ ረግፎ ወጣ። ግን ወጣ! ሰቅላችሁልኝ ቢሆን ምኑን ነበር የምትፈቱልኝ?»

«ይሄኛው ራሱ አምኗል።»

«ስንት ቀን ጨለማ ቤት ከርሞ?»

ሻምበሉ ሻዩን አየና ወሬ ቀየረ። «ሃይማኖቱስ ቢሆን ነፍስ ያጠፋ ይጥፋ አይልም እንዴ?»

«ፈጣሪን ምስክር አትጥራብኝ! ንስሐን የሰጠ እሱ ነው፤ ቀጠሮም አልቆረጠበትም። ይሄ ሰው በስድሳ ዓመቱ ይጸጸት እንደሆን በምን አወቅህ? እናንተ ግን ሐሙስ፣ ሁለት ሰዓት! ከፈጣሪ ቀድማችሁ በሩን ትዘጉበትና ዞር ብላችሁ በስሙ ትምላላችሁ። ቢያንስ በራሳችሁ ስም ግደሉ!»

«እሺ፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለው ይጻፉና ይገላገሉ።»

«ከጤና ጣቢያ ሌላ ሚዛን ልታመጡ? አልዋሽልህም።»

ቅጹን ስቦ ጻፈ፦ «ሚዛኑ ትክክል ነው። ሰው ሊሰቀልበት ስለሆነ ማህተሜን አልመታም።» እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ሻምበሉ አንብቦ ሳቁን ዋጠ። «ፈቃድዎን ይነጥቁዎታል። ደግሞ በከተማው ሁለት ሌሎች ሚዛን ጠጋኞች አሉ፤ አሁኑኑ እደውላለሁ።»

«ደውል!»

ጋሽ ግራም ድንጋዮቹን ሰብስቦ ወጣ። ያ ሁሉ ብረት ትከሻውን እየቆረጠው ቤቱ አልሄደም፤ ገበያ ወርዶ ከሁለቱ የአንደኛው ጠጋኝ ሱቅ ገባ። ሰውየው ቦርሳውን እያዘጋጀ ነበር።

«ጋሼ! ምነው እንዲህ ላብ በላብ? ወህኒ ቤት ቀላል ሥራ አለ ብለው ጠርተውኝ ልወጣ ስል...»

«ተቀመጥ» አለው ጋሽ ግራም፣ ራሱም ወንበር እየሳበ። «ለሐሙስ ገና ሦስት ቀን አለ። አንተን ስጨርስ ደግሞ ወደዚያኛው እሄዳለሁ።»