እንጨት የመረጥኩለት ሰው

ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት ለሙግት ነው። አባቴ በመንዝ የታወቀ ባለርስት ነበር። ከአጎቱ ልጆች ጋር በመሬት ተካሶ ነገሩ ከአጥቢያ ዳኛ አልፎ ትልቁ ችሎት ሲደርስ፣ እሱ ጉልበቱን ያመው ስለነበር ደጅ እንድጠና እኔን ላከኝ። ደጅ ጥናትን ያልቀመሰው አያውቀውም። ጠዋት ከሕዝብ ጋር ተጋፍቶ መቆም ነው፤ ከሰዓት በኋላ «ነገ» ተብሎ መመለስ ነው። ስንቄ አለቀ፣ ጋቢዬ ነተበ፣ በመጨረሻም ተረታን። ይህን ይዤ አባቴ ፊት ከመቆም ትንሽ ልቆይ ብዬ፣ አራዳ ውስጥ ቤት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ጣውላ መሸከም ጀመርኩ።

ጊዜው የሣር ጎጆው እየፈረሰ ባለበረንዳ የቆርቆሮ ቤት የሚተካበት ነበር። የበረንዳውን እንጨት እንደ ጥልፍ እየፈለፈሉ የሚያሳምሩት ከባሕር ማዶ የመጡ አናጢዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ከገበያው ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሱቅ የነበራቸው ሽማግሌ ህንድ ናቸው። አንድ ቀን ጣውላ ሳወርድላቸው እንጨቱን በመዳፌ ስዳስስ አዩኝና መላጊያቸውን አቀበሉኝ። ላግኩት። ስስ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ሲወጣ፣ ያ የጥድ ሽታ ሲመጣ፣ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም። በማግስቱ ተመለስኩ። ከዚያም እስኪሞቱ ድረስ አልተለየኋቸውም።

ወሬው መንዝ ደረሰ። በእኛ አገር የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ሸማኔም ሆነ ቀጥቃጭ፣ ጠይብ እየተባለ ይናቃል፤ ይፈራልም። አናጢ ከእነሱ ይሻላል ቢባልም ለባለርስት ልጅ ያው ውርደት ነው። አባቴ በአንድ ነጋዴ አፍ የላከብኝ ቃል አጭር ነበር፦ «ቤቴ ጠይብ አልወለደም በሉት።» ነጋዴው ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። እኔም ስለ ድካሙ አመስግኜ ሸኘሁት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ በኋላ ከዘመድ ወገን የሚጠይቀኝ ጠፋ። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሚስት አስጠይቄ ነበር። የልጅቱ ወላጆች መጀመሪያ አገሬን ጠየቁና ደስ አላቸው። ቀጥለው ሥራዬን ሲጠይቁ ግን ዝም አሉ፤ ሽማግሌዎቹም በዚያው ተመለሱ።

ከሁሉ የሚከብደኝ በዓል ነበር። በሥራ ቀን መጋዝ አለ፣ መዶሻ አለ፣ ሰው ቢያጡም ድምፅ አይታጣም። በበዓል ቀን ግን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ መንገዱ ሁሉ ወደ ዘመዱ በሚሄድ ሰው ይሞላል፤ እኔ ብቻ ወደ ባዶ ቤት እገባለሁ። ሥራ ደግሞ በበዓል አይነካም። እጄን አጣምሬ ተቀምጬ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤትን ሳቅ ስሰማ እውላለሁ።

ህንዱም ብቸኛ ሰው ነበሩ። ሚስታቸውና ልጆቻቸው በአገራቸው ቀርተዋል። አማርኛቸውን የለመዱት ከገበያ ሴቶች ጋር ሲከራከሩ ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የሚሉት። አራዳዎች ይስቁባቸዋል፤ አንዳንዱም ሆን ብሎ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፣ «አንቺ ደህና ነሽ?» ሲሉት ለመሳቅ። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኋላ ጆሮዬ ለመደው።

ቀኑን ሙሉ አንድ አግዳሚ ላይ ስንሠራ እንውልና ምሳ ሰዓት ሲደርስ እንለያያለን። እሳቸው ሥጋ አይቀምሱም፣ ሌላ ሰው ያበሰለውንም አይነኩም። ምስራቸውን ራሳቸው ቀቅለው፣ ቂጣቸውን ራሳቸው ጋግረው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበላሉ። ውሃ የሚጠጡባት የነሐስ ዕቃ ነበረቻቸው፤ እሷን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። እኔም በበኩሌ የአረመኔ እጅ ያረፈበት ምግብ አልቀምስም ብዬ ቆሎዬን ይዤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። በጾም ወራት እንኳ፣ ሁለታችንም ሥጋ በማንበላበት ጊዜ፣ አብረን አልበላንም። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው እኔም የማደርገው ያንኑ መሆኑ የገባኝ።

ከፊት ለፊታችን አንድ የመናዊ ልብስ ሰፊ ነበር። በሶላት ሰዓት የስፌት መኪናው ድምፅ ድንገት ይቆማል፤ ሲጨርስ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለ ሥራ ከተነሳ ነቢዩ ዳዊት ንጉሥ ሆኖ ሳለ የሚበላው ከእጁ ሥራ ነበር ይለኝ ነበር። እኔ የማውቀው ዳዊት መዝሙሩን የምደግመው ነው። እሱም ቢሆን «የእጃችንን ሥራ አቅናልን» ይላል። እንዲህ ያለው ወሬ ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ሆነን እየተጣራን የምናወራው ነበርና ብዙም አይርቅም።

ክረምት ሲወጣ ህንዱ አንድ ቀን ሱቁን ከፍተው ሥራ አይሠሩም። የእሳቸው በዓል ነው። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ገርሞኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መጋዙን፣ መላጊያውን፣ መሮውን፣ መዶሻውን ሁሉ አጥበው ወልውለው በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድረዋቸዋል፤ በያንዳንዱ ላይ ቀይ ቀለም ነክተው የአደይ አበባ ጉንጉን አኑረውበታል። እሳቸውም ታጥበው ከፊቱ ተቀምጠው በቋንቋቸው ያንበለብላሉ። ሲጨርሱ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ዛሬ መሣሪያ ይተኛል» አሉኝ። «ዓለም የሠራ ጌታ አናጢ ነው። ይሄ የሱ እጅ ነው።»

እኔም የእኛ ጌታ ያደገው በአናጢ ቤት መሆኑን፣ ጠባቂው ዮሴፍ እንጨት ጠራቢ እንደነበር፣ ጌታንም ሰዎች «ጠራቢው» ይሉት እንደነበር ነገርኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። የምቀልድ መስሏቸው ነበር።

«ታዲያ አባትሽ ምን አሳፈረው?» አሉ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ከዚያም ብዙ ቀን፣ ይህ ቃል ውስጤ ሲመላለስ ኖረ።

ነገሩን ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ባሕታዊ መሳይ፣ ጭምት መነኩሴ ነበሩ። መሣሪያ ማክበር ጣዖት ማምለክ ነውና በዚያ ቀን ወደ ሱቁ እንዳልሄድ አዘዙኝ። ሥራን በተመለከተ፣ አዳም ትእዛዝ ስለተላለፈ በፊትህ ወዝ እንጀራህን ብላ ተብሏልና የታዘዘብንን ቅጣት በትዕግሥት መሸከም ነው አሉኝ። ታዘዝኩ። በያመቱ በዚያ ቀን እቤቴ እቀመጥ ነበር። የራሴ ባልሆነ በዓልም ብቻዬን መዋል ጀመርኩ ማለት ነው።

ከዚያ የኅዳር በሽታ መጣ። ያን ወር ያላየ ሰው ቢነገረውም አይገባውም። ገበያው ጭር አለ፤ በየቤቱ ሬሳ አንሺ ጠፋ፤ ጅብ በቀን ይታይ ጀመር። እኔን ሱቁ ውስጥ ሥራ ላይ እያለሁ አንቀጠቀጠኝና ፍቅፋቂው ላይ ወደቅኩ። ወደ ቤቴ የሚወስደኝ ሰው አልነበረምና እዚያው ተኛሁ። ትኩሳቱ ሲያስቃዠኝ የማስታውሰው ብዙ የለም። አንድ ነገር ግን አልረሳም። ህንዱ ራሴን ደግፈው ቀና ካደረጉኝ በኋላ ውሃ አጠጡኝ። ያጠጡኝ በዚያች በነሐስ ዕቃቸው ነበር። ከንፈሬ ሲነካት ነቃሁና ፊታቸውን አየሁ። የምስር ሾርባም በእጃቸው አጉርሰውኛል፤ እኔም የማን እጅ ነው ሳልል ዋጥኩ።

እኔ ስነሳ እሳቸው ወደቁ። እንደ እኔ ወጣት አልነበሩምና አልቻሉትም። አጠገባቸው ተቀምጬ በዚያችው ዕቃ ማጠጣት ጀመርኩ። ሊሞቱ ሲቃረቡ እጄን ይዘው፣

«አፈር አይሆንም» አሉኝ። «እሳት። እንጨቱን አንቺ ምረጪ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፉ።

የሚቀበር ሁሉ ቀባሪ ባጣበት ወር፣ እኔ የሚቃጠል ሬሳ ይዤ ቀረሁ። የሰው ገላ በእሳት መስጠት በእኛ ዘንድ የሚሰቀጥጥ ነገር ነው፤ የማይቀበርስ ማን ነው? የሱቁን በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። አፈር ባለብሳቸው ማንም አያውቅብኝም፤ የሚጠይቅም የለም። ነገር ግን እንጨት እንድመርጥ ለምነውኛል። ይህን ያህል ዘመን አንድ አግዳሚ ላይ ሲሠሩ ኖረው ሌላ ነገር ለምነውኝ አያውቁም።

ወደ ፊት ለፊት ሄጄ ለየመናዊው ነገርኩት። እሱም ታሞ የተነሳ ነበርና ግድግዳውን ተደግፎ አዳመጠኝ። «ለእሳቱ አልመጣም፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም» አለኝ። «ጨርቁ ግን ከእኔ ይሁን።» ነጭ ጨርቅ ቀደደና ሰጠኝ፤ አህያውንም ከነጋሪው አዋሰኝ። ከዚያ በአራዳ ሱቅ ያላቸውን አንድ ሽማግሌ ባንያን ፈልጌ አገኘሁ። የአገራቸው ሰው ናቸው፤ ጸሎቱን ያውቃሉ። በምርኩዝ እየተደገፉ አብረውኝ ወጡ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ወረድን። እንጨቱን ከሱቁ ጓሮ፣ ህንዱ ለጥሩ ሥራ ብለው ለዓመታት ካደረቁት ጥድና ዝግባ ነበር የመረጥኩት። መጋዜን ይዤ ነበርና ጫፍ ጫፉን እኩል ቆረጥኩ። የወፈረውን ከሥር፣ የቀጠነውን ከላይ፣ እንዳይንሸራተት እያጋጠምኩ ደረደርኩ። የተጣመመውን አወጣሁና በሌላ ተካሁ። ባንያኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ለሚቃጠል ነገር ይህን ያህል ለምን ትደክማለህ?» አሉኝ።

እጄ የሚያውቀው እንደዚያ መሥራት ብቻ ነበር። ስሠራ ደግሞ አለቀስኩ። ያን ያህል ሰው ሲሞት ያላለቀስኩት፣ አባቴ ሲክደኝ ያላለቀስኩት ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። መዝሙረ ዳዊት እየደገምኩ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ አንድ ቃል አልመጣልኝም። ባልደግምም ግን፣ ከዚያ ቀን ይበልጥ የጸለይኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ባንያኑ ጸሎታቸውን አድርሰው እሳቱን ለኮሱ። እኔ ራቅ ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። የደረቀ ጥድ ሲነድ የሚያሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁና እንጨቱ በደንብ መያዙን ሳላይ አወቅሁ።

በሽታው ሲያልፍ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። መዳፋቸው ቆስሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ወሩን ሙሉ መቃብር ሲቆፍሩ ነበር የከረሙት። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም ለእኛ ባልሆነ ሥርዓት ስለተባበርኩ ጾምና ስግደት አዘዙኝ፤ ያለ ማጉረምረም ተቀበልኩ። ህንዱን በቅዳሴ ጊዜ ያስቧቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያልተጠመቀን ሰው ስም ላነሳ አልችልም፣ ልጄ» አሉኝ። «አንተ ግን ስትሠራ አስበው። እሱን ማንም አይከለክልህም።»

ልሄድ ስነሳ እንደገና ጠሩኝ። «ሥራ የአዳም ቅጣት ነው ብዬህ ነበር» አሉ፣ የተጠቀለለ እጃቸውን እያዩ። «ድካሙ ነው ቅጣቱ። ሥራውማ ገና ሳይበድል ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ተሰጥቶት ነበር። ይህንንም ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሱቁን ብቻዬን ያዝኩት። ስሠራ አስባቸዋለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ሞክሬ ነበር፤ የሚቆይ አልተገኘም። ምሳዬን አንዳንድ ቀን ከየመናዊው ጋር መንገዱ ዳር እበላ ነበር፤ እሱም ወደ አገሩ ገባ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ታናሽ ወንድሜ ከመንዝ መጣ። በልጅነቱ ጥዬው ስለወጣሁ አላወቅሁትም፤ አባታችንን ይመስል ነበር። አባቴ መሞቱን፣ ተዝካሩም መውጣቱን የነገረኝ እሱ ነው። የመጣበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ሊሠራ ነው፤ ካህናቱም በሩን የአራዳ አናጢ ይሥራው ብለዋል። ወንድሜ የበሩን ልክ በገመድ ቋጥሮ አምጥቶልኛል። እኔስ መጥቼ ልግጠመው ወይ ብዬ ስጠይቀው አቀረቀረ። የአባታችን ዘመን ሽማግሌዎች ገና አሉ አለኝ። በሩን ብቻ ብትልክ ይሻላል አለኝ።

በሩን ከወይራ ሠራሁት። ቀኑን ሙሉ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ማንም ሳያናግረኝ፣ ከክረምት መውጫ እስከ ጥምቀት ሠራሁት። ሲያልቅ ተፈታትቶ በበቅሎ ተጫነ፤ እስከ ከተማው ዳርቻ ሸኝቼው ተመለስኩ። ወንድሜ በደህና መድረሱን በመንገደኛ ልኮብኛል። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ቢሆንም በመንዝ ጭጋግ ውስጥ እንጨት ማበጡ አይቀርም። ክረምት ሲገባ አንዳንዴ፣ በሩ ሳያስቸግር ይዘጋ ይሆን እላለሁ። የሚነግረኝ ሰው የለም።