የእትዬ ድገመው ማተሚያ

አክስቴን ተማሪዎቿ «እትዬ ድገመው» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ድሮ የነበረ አንድ ሰነፍ ተማሪ ነው። አንዲት ዛፍ ደጋግማ ስታሠራው ውላ፣ ቢጨንቀው «እትዬ፣ ዛፉ ራሱ እንኳ ይሄን ያህል አልደከመም» አላት። «ዛፉማ ቆሞ ነው የሚውለው፣ አንተ ግን ተቀምጠሃል። ድገመው!» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ዛሬ እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት የምታስተምርበት ኮሌጅ መዝገብ ቤት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሲቸኩሉ ይረሱታል።

ሥራዋ መልክዓ ምድር መሣል፣ ሥዕል በጣውላ ላይ እየቀረጹ ማተም፣ ይህንኑም ማስተማር ነው። ሰው አትሥልም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ጀምሬ ነበር» አለችኝ። «መጀመሪያ የሣልኩት እናትሽን ነው። አፍንጫዬን አስረዘምሽው ብላ አኩርፋኝ ከረመች። ተራራ አያኮርፍም።» እናቴ ታናሽ እህቷ ናት፤ ያቺን ሥዕል ባየች ቁጥር እስከ ዛሬ አፍንጫዋን ትነካለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እናቴ ትስማኝም አትስማኝም፣ አፍንጫው ልክ ነው።

አያቴ ልጃቸው የጽሕፈት ሥራ ተምራ ጥላ ሥር እንድትቀመጥ ነበር ምኞታቸው። «ሥዕል እራት አይሆንም» ይሏት ነበር። ኮሌጅ ስትገባ ደግሞ መምህሮቿ ሴት ልጅ አበባና ማሰሮ ብትሥል ያምርባታል አሏት። እሷ አንድ ተጣጣፊ ወንበርና አንድ ሸራ ይዛ ከከተማው ጀርባ ወዳለው ተራራ ሄደች። ፀሐይ ፊቷን አክስሎት ስትመለስ «አበባው የታለ?» ብለው ቀለዱባት። «ከተራራው ሥር ነው፤ ትንሽ ስለሆነ አይታይም» ብላ አለፈች።

ኮሌጁ መጀመሪያ የቀጠራት የሕትመት መምህሩ ታሞ «እስኪሻለው» ተብሎ ነበር። መምህሩ ተሻለው፤ ግን በዚያው ሌላ ሥራ አገኘና ቀረ። አክስቴም «እስኪሻለው» እንደተባለች ፀጉሯ ሸበተ።

ተራራውን ግን አልተወችውም። ጠጠር አምራቾች ከአንድ ወገን እየናዱት ስለሆነ በየዓመቱ ቅርጹ ይለወጣል፤ እሷም በየዓመቱ እንደ አዲስ ትሥለዋለች። ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቋታል። አንድ ቀን የዶዘሩ ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ «እትዬ፣ የትኛውን ጫፍ ልተውልሽ?» ብሎ ጠየቃት። «ሁሉንም» አለችው። ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እሷም ወደ ሥራዋ።

የምታስተምረው የሕትመት ዓይነት ለእኔ ለፀጉር ሠሪዋ ብዙ ጊዜ አልገባ ብሎኝ ነበር። ሥዕሉ በሙሉ፣ ቀለሙ ሁሉ፣ ከአንድ ጣውላ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ በሥዕሉ ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን በመሮ ትቆርጣለህ፤ ጣውላው ላይ ቢጫ ትቀባና ወረቀቶቹን ሁሉ ታትማለህ። ቀጥሎ ቢጫ ሆኖ የሚቀረውን ከዚያው ጣውላ ላይ ትቆርጥና በዚያው ወረቀት ላይ አረንጓዴ ትደርባለህ። ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ባተምክ ቁጥር ጣውላውን እየበላኸው ትሄዳለህ። የቆረጥከው አይመለስም፤ መሃል ላይ ካቆምክ ደግሞ በእጅህ የቀረው ያልተጨረሰ ወረቀትና የተጎዳ ጣውላ ነው። «ድገመው» የማይሠራበት ብቸኛው የአክስቴ ትምህርት ይሄ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው።

ያሁኑ ዲን የእሷ ተማሪ ነበር። በተማሪነቱ የተራራውን ጫፍ በስህተት ቆርጦ ጣለው። ጫፉ ነጭ ሆኖ ሲቀርበት «በረዶ ነው እትዬ» ብሎ ሊያታልላት ሞከረ። «በኛ ተራራ ላይ በረዶ ካየህ እኔንም ጥራኝ» አለችው። ሰውየው ይህን ይርሳው አይርሳው አላውቅም። የማውቀው ወንበሩ ላይ በተቀመጠ በማግስቱ «ዘመናዊነት» ማለት መጀመሩን ነው።

በስብሰባ ላይ የሕትመት ትምህርት እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቶቹን እየደረደረ ተናገረ፦ ክፍሉ ለኮምፒውተር ይፈለጋል፣ ማተሚያው አርጅቷል፣ ለጥገና የሚሆን በጀት የለም። ከመምህራኑ መካከል አክስቴ ብቻ ተነሥታ ተከራከረች። በመጨረሻ ከውጭ ገምጋሚዎች መጥተው የተማሪዎቹን የተጠናቀቀ ሥራ አይተው እንዲወስኑ ተባለ።

አክስቴ በር የሚያህል ጣውላ አመጣች። ተማሪዎቿ ሁሉ ተራራውን ተከፋፍለው እንዲቀርጹት አደረገች፤ አንዱ ገደሉን፣ አንዷ ሰማዩን፣ አንዱ የጭነት መኪናዎቹን መንገድ። ቢጫው ታተመ። አረንጓዴውም ታተመ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቿን ይዛ ጥላዎቹን ለማየት ወደ ተራራው ሄደች። ሲመለሱ ማተሚያው የለም። ወለሉ ላይ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩ፤ ጣውላውና ወረቀቶቹም ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው።

ማተሚያው የተገኘው ታች የኮሌጁ መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ያ ትልቅ መዘውር ያለው፣ ብረት በብረት የሆነ ማሽን፣ ተወልውሎ፣ አናቱ ላይ የአበባ ሳህን ተቀምጦበት፣ ደረቱ ላይ «የኮሌጃችን ቅርስ» የሚል ሰሌዳ ተለጥፎበት ቆሟል። በሕይወት ያለን ነገር እንዲህ ማድረግ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! እኔ ብሆን አበባውን ዲኑ ላይ እደፋው ነበር።

አክስቴ ሰውን «አንተ» ካለችው ትወደዋለች ማለት ነው። «አንቱ» ካለችው ግን ይጠንቀቅ። በማግስቱ ዲኑን አዳራሹ ደረጃ ላይ አገኘችው።

«እንደምን አደሩ ዲን?» አለችው።

ያኔ ደነገጠ። «እትዬ፣ ማሽኑ እኮ ቅርስ ነው። እዚህ ሲሆን ሁሉም ሰው ያየዋል።»

«እርስዎንም እዚህ ብናቆምዎ ሁሉም ያይዎታል። ሥራዎን ማን ይሠራል?»

«ውሳኔ ነው እትዬ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«እሺ። ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ሰማያዊው የኔ ነው» ብላው ወጣች።

ቤት ስትገባ ግን እንዲህ አልነበረችም። ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቴ «አንቺ ደግሞ፣ ጡረታሽ ደርሷል፤ ምን አገባሽ? ተያቸው» አለቻት።

«እኔ ጡረታ እወጣለሁ። ትምህርቱ ለምን ጡረታ ይወጣል?» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ከኔ በኋላ መሮ የሚይዝ ሰው ይጠፋል ብዬ ፈርቼአለሁ። እውነቴን ነው፤ ፈርቼአለሁ።»

አክስቴ ፈራሁ ስትል ሰምቼ ስለማላውቅ እኔም አብሬ አለቀስኩ። እናቴ ሻይ ልታፈላ ተነሣች፤ ለቅሶን የምታስቆምበት ሌላ ዘዴ የላትም። ሻዩ ሳይፈላ አክስቴ እንባዋን ጠርጋ ወጥ ቤት ገባች፤ መሳቢያውን ከፍታ ማንኪያዎቹን ሁሉ እየሰበሰበች ቦርሳዋ ውስጥ ትከት ጀመር።

«ማንኪያዎቼን!» ብላ ጮኸች እናቴ። «ሴትዮዋ አበደች እንዴ?»

«ማተሚያ የሌለው ሰው በማንኪያ ጀርባ ያትማል። ከማተሚያው በፊትም እንዲሁ ነበር» አለች አክስቴ፤ የእንጨት ማማሰያውንም ጨምራ ወሰደችው። እኛ በዚያ ሰሞን ሻያችንን በሹካ እጀታ ነበር የምናማስለው።

ሥራው ኮሪደር ላይ ቀጠለ። ጣውላውን ወለሉ ላይ አስተኝተው በሩሎ ሰማያዊ ይቀቡታል፤ ወረቀቱን ያለብሱታል፤ ከዚያ ዙሪያውን ተንበርክከው በማንኪያ ጀርባ ያሹታል። ማተሚያው በአንድ ዙር የሚጨርሰውን እነሱ ወገባቸው እስኪቆረጥ ይሠሩታል። አውራ ጣታቸው ውኃ ቋጠረ። ሌላ ክፍል የሚሄዱ ተማሪዎች በላያቸው እየተራመዱ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ያልፍና ተመልሶ ማንኪያ ይጠይቃል። የሒሳብ ሹሟ እንኳ ጫማዋን አውልቃ ስታሽ አይቻታለሁ።

አንድ ተማሪ እጁ ከብዶ ወረቀቱ ተንሸራተተበትና ተራራው ድርብ ሆኖ ታተመ። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ወረቀቱ ከታች ቢጫና አረንጓዴ የታተመበት ነውና መተኪያ የለውም። አክስቴ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ብዙ አየችው። «ተራራው ጋ በሄድን ቀን ድማሚት ፈንድቷል። ተራራው ተንቀጥቅጧል። ልክ ነው፣ አስቀምጠው» አለች። ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ውጪ ወጣ።

ጥቁሩ የታተመው ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ሲሉ ነው። ከጣውላው የቀረው የተናደው ወገን፣ ሌላው ጋ ደግሞ እዚህና እዚያ ቀጫጭን መስመር ብቻ ነበር። ወረቀቶቹን በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሰቀሏቸው። የተናደው ወገን ጥቁር ሆኖ፣ የቆመው ወገን ደግሞ ሁሉንም ቀለም ይዞ ሲታይ፣ እኔ መቀስና ማበጠሪያ እንጂ ሌላ የማላውቀው ሴትዮ፣ ቆሜ ቀረሁ። ያን ተራራ በየቀኑ አየዋለሁ። አይቼው አላውቅም ነበር።

ገምጋሚዎቹ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሠዓሊና አንድ ጎልማሳ መምህር ነበሩ። ማማሰያውን ለእናቴ ለመመለስ የመጣሁ መስዬ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሠዓሊቷ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው እየሄዱ፣ ድርቡ ተራራ ጋ ሲደርሱ ከሁሉ ይልቅ ቆዩ። ከዚያ «በምን አተማችሁት?» ብለው ጠየቁ። አንዷ ተማሪ ማንኪያዋን ከፍ አድርጋ አሳየች።

ዲኑ ምስጋናው እንዳያመልጠው ከኋላ ተስፈንጥሮ ወደ ፊት ወጣ። «ይኸው ነው የኛ ኮሌጅ!» አለ። «የኛ ተማሪ ክፍል አጣሁ አይል፣ ማሽን አጣሁ አይል! ያለ አንዳች በጀት፣ በማንኪያ ብቻ ይህን ሠርቷል!»

አክስቴ ራሷን ዘንበል አድርጋ «ይቅርታ ዲን፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። ይድገሙት» አለችው።

ተማሪዎቹ አፋቸውን ያዙ። ሰውየው ምስጋና አስክሮት ነበርና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ክፍል አያሻም፣ ማሽን አያሻም፣ በጀት አያሻም። ካፍ የወጣ አፋፍ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች አክስቴ ወደ እንግዶቹ ዞራ። «ትምህርቱ ይዘጋ የተባለው ክፍል የለም፣ ማሽኑ አርጅቷል፣ በጀት የለም ተብሎ ነው። አንዱም እንደማያስፈልግ ዲኑ አሁን በሁላችንም ፊት መሰከሩ። ታዲያ የሚዘጋበት ምክንያት ምንድነው? እኔ ስላረጀሁ ከሆነ፣ እኔን አውጡኝ። ትምህርቱ ግን አላረጀም።»

ሠዓሊቷ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ትምህርቱ እንዲቀጥል ተወሰነ፤ የሚሰጥበትን ቦታ ግን ኮሌጁ ይወስን ተባለ። ዲኑ በዚህች በመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ተጽናና። አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲጀመር ቦታ ብትለው «እያሰብንበት ነው»፣ ደግማ ብትለው «እያሰብንበት ነው»። ኮሪደሩ ላይም መንገድ ይዘጋል በሚል መቀመጥ ተከለከለ።

አክስቴ አልጮኸችም። ሰኞ ጠዋት ከጋራዥ ግራሶ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። ይዤላት ስደርስ አዲሶቹን ተማሪዎች ከነጣውላቸው፣ ከነመሯቸው፣ ከነቀለማቸው አሰልፋ ወደ መግቢያው አዳራሽ እየገባች ነበር። የአበባ ሳህኑን አንሥታ በዲኑ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሰሌዳውን በመሮ ፈልቅቃ አወረደችው። እጅጌዋን ጠቅልላ የመዘውሩን ጥርስ ግራሶ ትቀባው ጀመር።

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ አይነካም ተብሏል!»

«የተባለው ለጎብኚ ነው፤ እኛ ክፍል ገብተን ነው» አለችው።

ዲኑ ጫጫታውን ሰምቶ ሲወርድ ጣውላው ቢጫ ተቀብቷል፤ ወረቀትም ለብሷል። «ይሄ መግቢያ ነው! ሰው በየት በኩል ያልፋል?» ብሎ ተቆጣ። አክስቴ መዘውሩን በሁለት እጇ ያዘችና «ሲያስቡበት ስለቆዩ አሰብንልዎ» አለችው። መዘውሩ መጀመሪያ አቃሰተ፤ ከዚያ ዞረ። ተማሪዎቹ ወረቀቱን ገልጠው ቢጫውን ተራራ ወደ ላይ አነሡት።

አሁን ዲኑን ማግኘት የፈለገ ሁሉ በአክስቴ ክፍል መሃል ያልፋል። ቀለም የተቀባ ጣውላ መንገዱ ላይ ካለ ሥራው እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ዲኑ ራሱም ቢሆን፣ ቦርሳውን እንደያዘ፣ ይጠብቃል።